ምንቃር ለምንቃር

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ አንድ ጣቃ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ ጠበቀኝ። ገና ሳልፈታው ጠርዙን አይቼ አወቅኩት። ጠቆር ያለ ሰማያዊ መደብ። ቅጠል በቅጠል ላይ። በመሐሉ ደረታቸው ነጠብጣብ የሆነ ወፎች፣ አንዳንዶቹ ቀይ እንጆሪ በምንቃራቸው ይዘዋል። ንድፉ «የእንጆሪ ሌባ» ይባላል። እንግሊዛዊው የጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ነዳፊ ዊልያም ሞሪስ ያወጣው በ1883 ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስንት ዓይነት ጨርቅ በእጄ እንዳለፈ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንድ ሰሞን ሁሉም ሰው ግራጫ ይፈልጋል። ሌላ ሰሞን ትልልቅ አበባ ይመጣል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። የሞሪስ ጨርቅ ግን አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ሰውዬው ከሞተ ከ125 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይሄን ጨርቅ መቁረጥ ቀልድ አይደለም። ወፎቹ የተሳሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ ግራው የቀኙ መስታወት ነው። ሥዕሉ በየግማሽ ሜትሩ ገደማ ራሱን ይደግማል። መጋረጃ ደግሞ ሁለት ክንፍ አለው። ማታ ሲዘጋ ክንፎቹ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ያኔ ወፍ ከወፍ፣ ቅጠል ከቅጠል መግጠም አለበት። አብራኝ የምትሠራ ኤርትራዊት ጓደኛ አለችኝ፣ በመካከላችን «ምንቃር ለምንቃር» እንለዋለን። እንዲገጥም ሲባል ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጨርቅ ይጣላል። የሚጣለው ጨርቅ ዋጋው ያማል።

ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ተሳሳትኩ። አንዱን ክንፍ አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት። ስፒል ሰክቼ ሁለቱን ሳገናኛቸው ወፎቹ ተላለፉ። አንዱ ወደ ሌላው ደረት ያያል። ላቤ ጠብ አለ። ያኔ የነበርኩበት ቤት አሠሪ ብዙ አልተናገረም፤ የጨርቁን ግማሽ ዋጋ ከደሞዜ ላይ ቆረጠ። ያን ወር ለእናቴ ገንዘብ አልላኩም። የተበላሸውን ክንፍ ግን ስጠኝ አልኩት፣ ሰጠኝ። በፌስታል ይዤው ገባሁና አልጋዬ ላይ ዘረጋሁት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጨርቅ ነበር። ያን ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንዱን ግንድ በጣቴ ተከተልኩት። ከቅጠሉ ሥር ይገባል፣ ከአበባው ጀርባ ይወጣል፣ ተጠማዝዞ ወፉን ይሸከማል። ሌላውን ተከተልኩ። አንድም ቦታ የተቆረጠ፣ የትም የማይደርስ ግንድ አጣሁ። እናቴ ሽሮ ሜዳ ሄዳ የሐበሻ ቀሚስ ስትገዛ ጥበቡን ገልብጣ ከጀርባው ነበር የምታየው። «ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል» ትል ነበር። እኔም የሞሪስን ግንዶች እንደዚያ መረመርኳቸው። እናቴ ብታየው ትገዛው ነበር።

ማነው ይሄ ሰው ብዬ ስጠይቅ፣ ያደገው ከምኖርበት ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ መሆኑን ሰማሁ። እዚሁ ዋልተምስቶው፣ በ1834 ተወለደ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ አባቱ ሞቱ። ከዚያ ቤተሰቡ ዋተር ሃውስ ወደሚባል ትልቅ ቤት ገባ። ከቤቱ ኋላ ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ደሴት አለ። ግቢው ዛሬ ሎይድ ፓርክ ይባላል፣ ልጆቼ እዚያ ነው ያደጉት ማለት ይቻላል። ቤቱ ከ1950 ጀምሮ የዊልያም ሞሪስ ሙዚየም ነው፤ የመረቁት የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌመንት አትሊ ናቸው። መግቢያው ነፃ ነው። በአውቶቡስ ስንት ጊዜ በበሩ አልፌያለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም ነበር። በእሁድ ቀን ገባሁ።

የጠበቅኩት የሀብታም ልጅ ሥዕሉን ስሎ ለሠራተኛ ወርውሮ የሚሄድ ሰው ነበር። የሀብታም ልጅነቱ እውነት ነው። ሌላው ግምቴ ግን ስህተት ነበር። ሞሪስ በእጁ ሞክሮ ያላወቀውን ሥራ ሌላ ሰው እንዲሠራ ማዘዝ አይወድም ነበር። ጥልፍ ሲያምረው አሮጌ ጥልፍ እየፈታ መርፌው በየት በየት እንደሄደ አጠና፤ ከሚስቱ ከጄን ጋር። ሽመና ሲያምረው በ1879 የሽመና ዕቃ መኝታ ቤቱ ውስጥ አስተከለ። ጎህ ሲቀድ እየተነሳ ራሱን አስተማረ። የመጀመሪያዋ ሥራው 516 ሰዓት ፈጀችበት። ሰዓቱን እየመዘገበ ነበር የሚሠራው። እኔም ለእያንዳንዱ መጋረጃ የፈጀብኝን ሰዓት ደብተር ላይ እጽፋለሁና ይቺ ነገር ልቤን ነካችው።

ከሁሉም የያዘኝ የቀለሙ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ከድንጋይ ከሰል የሚወጡ አዳዲስ የኬሚካል ቀለሞች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ሞሪስ አልወደዳቸውም። ይጮኻሉ፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው ደግሞ ይከዳሉ። ስለዚህ ከ1875 ጀምሮ ሊክ ወደምትባል የስታፎርድሺር ከተማ ይመላለስ ጀመር። እዚያ ቶማስ ዋርድል ከሚባል የቀለም ባለሙያ ጋር ገንዳው አፍ ላይ ቆመ። ለሰማያዊ ኢንዲጎ። ለቀይ ማደር የሚባል ተክል ሥር። ለቡኒ የዋልነት ልጣጭ። ጠዋት ገብቶ ጨርቅ እየነከረ ይውላል። እጁ ሰማያዊ እንደሆነ ነበር ወደ ለንደን የሚመለስ።

ሰማያዊ እጅ። ይሄን ሳነብ እንባዬ መጣ። በእኛ አገር ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው ስንት ዘመን በሙያው ሲሰደብ ኖሯል። እዚህም ቢሆን ግብዣ ላይ መርፌ የወጋጋውን ጣቴን ከጠረጴዛ በታች አድርጌ የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ኦክስፎርድ የተማረ ሰው ደግሞ የተነከረ እጁን ሳይደብቅ ከሰው ጋር ይቀመጣል።

«የእንጆሪ ሌባ» እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ፤ ይሄን ሳላውቅ ያን ሁሉ ዓመት መቁረጤ ይቆጨኛል። ቀላሉ መንገድ ሰማያዊውን ቀለም በእንጨት ማህተም ነጭ ጨርቅ ላይ ማተም ይመስላል። ኢንዲጎ ግን እንቢ ይላል። ሰማያዊ የሚሆነው አየር ሲነካው ነው። ከገንዳው ሲወጣ ጨርቁ ቢጫ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ማህተም ላይ ብትቀቡት ጨርቁ ጋ ሳይደርስ አየር ይቀድማችኋል። ሞሪስ የተገላቢጦሹን መንገድ መረጠ። መጀመሪያ ጨርቁን በሙሉ ሰማያዊ ነከረው። ቀጥሎ ቀለም የሚያነሳ ነገር በማህተም እያተመ ሰማያዊውን አጠፋ። ሙሉ በሙሉ የጠፋው ቦታ ነጭ ሆነ፣ ግማሽ በግማሽ የጠፋው ፈዛዛ ሰማያዊ። ከዚያ ቀዩ ታተመ። ከዚያ ቢጫው። ቢጫው ፈዛዛው ሰማያዊ ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ወጣ። ቅጠሎቹ እንደዚያ ነው የተወለዱት። በየመሐሉ እጥበት አለ፣ ማድረቅ አለ። ቀናት ይፈጃል።

ለዚህ ሁሉ ውሃ ይፈልጋል። በ1881 ከለንደን በስተደቡብ ሜርተን አቢ በሚባል ቦታ፣ ዋንድል ወንዝ ዳር፣ አንድ የቆየ የጨርቅ ማተሚያ ቤት ያዘ። ጨርቁ የሚታጠበው በወንዙ ነበር። ወንዙን ሳይወደው አልቀረም፣ በ1884 አንድ ንድፍ «ዋንድል» ብሎ ሰየመለት። «ክሬይ» የሚባል ሌላ ወንዝም በስሙ ጨርቅ አለው። «ክሬይ»ን ለማተም 34 የእንጨት ማህተም ያስፈልግ ነበር። ሠላሳ አራት! አንዷ ትንሽ ዝንፍ ካለች የሌሎቹ ድካም ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። አራት ጣቴን አስታወሰኝ።

ወፎቹ ከየት መጡ? ኦክስፎርድሺር ውስጥ ኬልምስኮት በሚባል መንደር ከ1871 ጀምሮ የተከራየው የድንጋይ ቤት ነበረው። ግቢው ውስጥ እንጆሪ ይተክላሉ። ትረሽ የሚባሉት ወፎች እየመጡ ይበሉታል። አትክልተኛው አንገታቸውን ልጠምዝዝ ይላል። ሞሪስ ደግሞ በጠዋት ወጥቶ ሲሰርቁ ቆሞ ያያቸዋል፣ በዚህ ግቢ አንድም ወፍ እንዳይነካ ብሎ ከልክሏል። ይሄን የጻፈችው ልጁ ሜይ ናት።

በግድግዳ ወረቀትም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያውን «ትሬሊስ»ን የነደፈው በ1862 ነው፤ የጽጌረዳ ሐረግ የተጠመጠመበት የእንጨት አጥር። ወፍ መሳል ያኔ አልሆነለትም፣ ስለዚህ ወፎቹን ጓደኛው አርክቴክቱ ፊሊፕ ዌብ ሳለለት። ማተሙንም መጀመሪያ በራሱ ሞክሮ አልሳካ ሲለው ኢዝሊንግተን ለነበረው ለጄፍሪ ኩባንያ ሰጠ። እነሱ ከፒር እንጨት በተቀረጸ ማህተም አንድ በአንድ በእጅ ያትሙለት ጀመር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ልዘርዝር ብል አልጨርስም። ከሁሉ የምወደው የ1887ቱ «የአኻያ ቅርንጫፍ» ነው። አኻያ፣ ወንዝ ዳር የምናውቀው አኻያ። ኬልምስኮት አጠገብ ካለው ጅረት ዳር ያየውን ቅጠል ነው የሳለው። አዲስ ነገር የለውም፣ ቅጠል ብቻ ነው። ግን እያንዳንዱ ቅጠል ለየብቻው ዘወር ብሏል። «አካንተስ» የሚባለውም አለ፣ 1875። ቅጠሉን ሳየው የት ነው የማውቀው ስል ቆየሁ። ለካስ የእኛ ኮሸሽላ ዘመድ ነው። ልጅ ሆነን እግራችንን የሚወጋን ኮሸሽላ! ያ እሾሃም ቅጠል በዚህ ሰው እጅ እንደ ቬሉት ተጣጥፎ የቤተ መንግሥት ግድግዳ የሚመጥን ሆኗል።

የማልወድለትም ነገር አለ፣ እሱንም እጽፋለሁ። የቤተሰቡ ሀብት የመጣው ዴቨን ውስጥ ካለ የመዳብ ማዕድን አክሲዮን ነው። ማዕድኑ በኋላ አርሴኒክ ያወጣ ነበር፣ መርዙን ማለቴ ነው። ሞሪስ ራሱ በ1870ዎቹ ለጥቂት ዓመታት ከዲሬክተሮቹ አንዱ ነበር። በዘመኑ የግድግዳ ወረቀት አረንጓዴ ቀለም ውስጥ አርሴኒክ ይገባ ነበር። የእሱም ከዚያ አላመለጠም፤ በ2003 የታተመ ምርመራ የ«ትሬሊስ»ን አረንጓዴ ፈትሾ አግኝቶበታል። ሐኪሞች ሲያስጠነቅቁ እሱ በ1885 ለዋርድል በጻፈው ደብዳቤ፣ ሐኪሞቹን ሰው ሁሉ ጠንቋይ አለ ብሎ ሲያብድ በነበረበት ዘመን ከነበሩ ሰዎች ጋር አመሳሰላቸው። ይሄንን ሳነብ አዘንኩበት። የማቅለሚያን ሥራ እስከ ክንዱ ገብቶ ያወቀ ሰው፣ የማዕድን ቆፋሪውን ሳንባ ማሰብ እንዴት ያቅተዋል?

የሚገርመው ደግሞ ለሠራተኛ የሚከራከር ሰው መሆኑ ነው። «የእንጆሪ ሌባ» በወጣበት በዚያው በ1883 የሶሻሊስቶችን ማኅበር ተቀላቀለ። ከዚያ በየአደባባዩ እየቆመ ተናገረ። በእጁ የሚሠራ ሰው በሥራው መደሰት አለበት፣ ቤቱም ማማር አለበት ይል ነበር። በ1880 በርሚንግሃም ላይ ባደረገው ንግግር፣ ለጥቅሙ የማታውቁትን ወይም ውበቱን የማታምኑበትን ነገር ቤታችሁ አታስቀምጡ አለ። ግን በእጅ የተነከረ፣ በእጅ የታተመ፣ ቀናት የፈጀ ጨርቅ ማን ይገዛዋል? ሀብታሙ። ሞሪስ ይሄን ያውቅ ነበር፣ ያንገበግበውም ነበር። ዕድሜዬን የሀብታሞችን ዐሳማዊ ቅምጥልነት ሳገለግል ጨረስኩት ብሎ አንድ ደንበኛው ቤት ውስጥ በንዴት እንደተናገረ ይነገራል።

ጥያቄው ዛሬም አልተመለሰም። ማክሰኞ የቆረጥኩት ጨርቅ ለእኔ መስኮት አይደለም። የሳሎኔን መስኮት በዚህ ጨርቅ ልሸፍን ብል የሁለት ወር የቤት ኪራይ ይበላል። ይሄን የምጽፈው ደንበኞቼን ለመውቀስ አይደለም። እሱ ራሱ ያነሳውን ጥያቄ ትቶ አበባውን ብቻ ማድነቅ ሰውዬውን ግማሹን መርሳት ስለሚመስለኝ ነው።

ሌላው የሚረሳው አብረውት የሠሩት ናቸው። ሜይ ሞሪስን ውሰዱ። በ1885፣ ገና በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ የአባቷን ድርጅት የጥልፍ ክፍል ተረከበች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ «ሃኒሳክል» የሚባል የግድግዳ ወረቀት ነድፋለች፤ ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ የአባቷ ሥራ ይመስለው ነበር። ሴቶች በማይገቡበት የሙያ ማኅበር ደጅ ከመጥናት ብላ በ1907 የሴቶችን የሥነ ጥበብ ማኅበር አቋቋመች። ጆን ሄንሪ ዲርልም አለ። በ1878 የሱቅ ረዳት ሆኖ ነው የገባው። ሞሪስ ሽመና አስተማረው። ሞሪስ በኦክቶበር 1896 በስድሳ ሁለት ዓመቱ ሲሞት የንድፉን ሥራ የያዘው ይሄ የቀድሞ የሱቅ ልጅ ነው። «ሞሪስ ነው» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ጥቂት የማይባለው የዲርል ነው። ደንበኛ «ወርቃማው አበባ» ያለበትን «ጎልደን ሊሊ»ን ይዞ መጥቶ ሞሪስ ሲለኝ፣ «የዲርል ነው፣ 1899» እላለሁ። ሰው ይገረማል። የሠራ ሰው ስሙ ይጠራ።

ድርጅቱ በ1940 ተዘጋ። የግድግዳ ወረቀቱን ማህተሞች ግን ሳንደርሰን የተባለው ኩባንያ ገዝቶ አቆያቸው፤ ዛሬም «ሞሪስ ኤንድ ኮ» በሚል ስም የሚታተመው በዚያው ቤት በኩል ነው። በ2018 የልብስ ሻጩ ኤች ኤንድ ኤም ሳይቀር የሞሪስን ንድፍ በቀሚስ አወጣ። አሁንማ ኩባያ፣ ዣንጥላ፣ ሽርጥ፣ የስልክ ሽፋን ላይ አለ። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኔ አልናደድም። ዋልተምስቶው ገበያ ላይ አንዲት አሮጊት የአኻያ ቅጠል ያለበት የገበያ ቦርሳ ይዘው ድንች ሲመርጡ አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ቅጠሉ በመጨረሻ እሱ የፈለገው ሰው ጋ ደረሰ።

ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ከሄዳችሁ እንዳታልፉት። የማተሚያ ማህተም ነው። ከባድ እንጨት ነው፣ ቅጠሉ ጎልቶ ተቀርጾበታል። እንዲህ ዓይነት ማህተም ጠርዙ ላይ ትንንሽ የብረት ሹል አለው። አታሚው ማህተሙን ሲያሳርፍ ሹሉ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ይተዋል። የሚቀጥለውን ማህተም በዚያ ነጥብ ልክ ያሳርፋል። በቃ፣ ስፒል ማለት ነው። እኔ ሁለት ክንፍ ለማገጣጠም የምሰካት ስፒል። አሮጌ የግድግዳ ወረቀት ፊት ቆማችሁ በደንብ ካያችሁ ነጥቧን ታገኟታላችሁ፤ ቅጠል ጫፍ ላይ ወይም አበባ ሥር ተደብቃ። እኔ አንዷን ለማግኘት ዓይኔ እስኪቃጠል ፈለግኩ። ሳገኛት ጥበቃው ፈገግ አለ። እሱም ያውቃታል መሰለኝ።

የማክሰኞው ሥራ ሐሙስ አለቀ። አርብ ሄደን ሰቀልነው። ጓደኛዬ መሰላሉ ላይ ሆና ግራውን ሳበች፣ እኔ ቀኙን። ወፎቹ ገጠሙ።

ያ የተበላሸው ክንፍ አሁንም ቤቴ አለ። ገበር ሰጥቼ፣ ጠርዙን አጥፌ፣ ከልጄ አልጋ አጠገብ ያለችው ትንሿ መስኮት ላይ ሰቅዬዋለሁ። መስኮቷ ጠባብ ናት፣ አንድ ክንፍ ይበቃታል። ማታ ማታ ልጄ ራሷ ትዘጋዋለች።